የዱባው ፊትና የጎረቤት ፊት

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤

ስለ ሌላ አገር ልማድ የሚፈርድ ሰው በሁለት ስሕተቶች ላይ ሊወድቅ ይችላል። አንደኛው ሳያዩ መንቀፍ፥ ሁለተኛው ሳይመረምሩ መቀበል ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል በመምህርነት ሳገለግል ተማሪዎቼ ከሁለቱም እንዲጠበቁ እመክራቸው ነበር። ነገር ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የልጄን ቤት ልጎበኝ አሜሪካ አገር በሄድሁ ጊዜ፥ እኔው ራሴ በመጀመሪያው ስሕተት ላይ ወደቅሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ልጄ ከባልዋና ከሁለት ልጆችዋ ጋር የምትኖረው በሜሪላንድ ግዛት፥ ከዋሺንግተን ከተማ አቅራቢያ ነው። እኔ የደረስሁት ሃሎዊን የሚባለው በዓል ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነበር። ይህ በዓል በፈረንጆች ኦክቶበር 31፥ በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት 21 ቀን ግድም ይውላል። በዚያች ሌሊት ልጆች ልዩ ልዩ መልክ የሚያስመስል ልብስ ለብሰው፥ ጭምብል አጥልቀው፥ በየጎረቤቱ ደጅ እየዞሩ ከረሜላ ይለምናሉ።

የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ ጉጉት ለመሆን ቈርጣ ነበር፤ የሰባት ዓመቱ ወንድምዋ ደግሞ ወደ ጨረቃ የሚበር ሰው ለመሆን። በየሱቁ የተዘጋጀ ልብስ ሞልቶ ሳለ እናታቸው፥ «የምትለብሱትን ራሳችሁ ሥሩ» አለቻቸው። ስለዚህ ልጅቷ የአስቤዛ መያዣ የሆኑትን ቡናማ የወረቀት ከረጢቶች ሰብስባ፥ ላባ እያስመሰለች አንድ በአንድ በመቀስ ቈርጣ፥ በአሮጌ ሹራብ ላይ በሙጫ ለጠፈች። ለፊቷም ከካርቶን ጭምብል ሠርታ ምንቃሩን ቢጫ ቀባችው። ልጁም በካርቶን ሣጥን ላይ አንገትና እጅ ማውጫ ቀድዶ፥ ምግብ በሚጠቀለልበት ብርማ ወረቀት ሸፈነው። ለሦስት ሳምንት ያህል የራት ገበታችን የወረቀት ቍራጭና የሙጫ ጠብታ ሳይኖርበት የዋለበት ቀን አልነበረም።

ዱባው ሲፈለፈልም አየሁ። አባታቸው የዱባውን አናት የቈረጠው ቢላዋውን ወደ ውስጥ አዘንብሎ ነው፤ ቀጥ አድርጎ የቈረጠው እንደ ሆነ ክዳኑ ወደ ውስጥ ይገባልና። ልጆቹ ፍሬውንና ጭረቱን በማንኪያ ጠርገው አወጡ። ከዚያም ሦስት ማዕዘን የሆኑ ዐይኖች፥ አፍንጫና ጥርሰ ገጣጣ አፍ ቀደዱለት፤ በውስጡም ሻማ አበሩ። ልጄ ፍሬውን አጥባ ጨውና ጥቂት በርበሬ ነስንሳ ቈላችው። እውነቱን ለመናገር፥ ከበዓሉ ሁሉ ሳልከራከር የተቀበልሁት ያንን ቈሎ ብቻ ነበር።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ለልጄ፥ «የሙታንን መንፈስና አጋንንትን እያስመሰሉ መጫወት ለክርስቲያን ልጆች አይገባም» አልኋት። እርስዋም በትሕትና፥ «አባባ፥ አይተን እንድንፈርድ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ነገ ማታ አንድ የቈየ ፊልም አሳይዎታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ይፍረዱ» አለችኝ።

ወደ ፊልሙ ከመግባቴ በፊት ስለ በዓሉ ምንጭ ጥቂት ልናገር። ሃሎዊን የሚለው ቃል የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ማለት ነው፤ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ይህን በዓል ኖቬምበር 1 ቀን ታከብራለችና። ከዚያ አስቀድሞ ደግሞ የአየርላንድና የስኮትላንድ የጥንት ሕዝቦች የመከሩን መጨረሻና የክረምቱን መግቢያ በዚያው ሰሞን ያከብሩ ነበር። ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ ታላቅ ረኃብ በሆነ ጊዜ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ልማዱም ከስደተኞቹ ጋር ባሕር ተሻገረ። በአየርላንድ ፊት ይቀረጽበት የነበረው ከመሬት በታች የሚበቅል ጠንካራ ሥር ነበር፤ በአሜሪካ ግን ትልቅና ለመፈልፈል የሚመች ዱባ ተገኘ። ከረሜላ እየለመኑ መዞር በመላው አሜሪካ የተስፋፋው ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የሌሊቱ ዋና ጨዋታ ተንኰል ነበር።

ፊልሙ ይህን የቀድሞውን ሌሊት ያሳያል። ስሙ «ሚት ሚ ኢን ሴንት ሉዊስ» ይባላል፤ ሴንት ሉዊስ ላይ እንገናኝ እንደ ማለት ነው። ያዘጋጀው ቪንሴንት ሚኔሊ ሲሆን በ1944 ለሕዝብ ታየ። የታሪኩ ደራሲ ሳሊ ቤንሰን የልጅነት ዘመንዋን በማስታወስ የጻፈቻቸው አጫጭር ታሪኮች ናቸው መሠረቱ። ነገሩ ከ1903 በጋ እስከ 1904 ጸደይ ድረስ በአንድ የስሚዝ ቤተሰብ ውስጥ የሚፈጸም ነው። ዘፋኟ ጁዲ ጋርላንድ ኤስተር የተባለችውን ትልቅ እኅት፥ የሰባት ዓመቷ ማርጋሬት ኦብራየን ደግሞ ቱቲ የተባለችውን የቤቱን ታናሽ ልጅ ሆነው ይጫወታሉ። ማርጋሬት በዚያ ዓመት ስላሳየችው ችሎታ የልጆች ኦስካር ተሸልማለች።

የሃሎዊን ሌሊት ሲደርስ ቱቲና እኅቷ አግነስ የትልልቅ ሰዎችን አሮጌ ልብስ ለብሰው፥ መልካቸውን ለውጠው ይወጣሉ። አያታቸው ባያቸው ጊዜ የፈራ መስሎ ያስደስታቸዋል። የሰፈሩ ልጆች በመንገድ መካከል አሮጌ ዕቃ ከምረው ታላቅ እሳት አንድደዋል። ጨዋታቸው እያንዳንዱ ልጅ ወደ አንድ ቤት ሄዶ፥ በሩን የከፈተለትን ሰው ዱቄት ፊቱ ላይ በትኖ መሮጥ ነው፤ እንዲህ ሲያደርግ ሰውየውን «ገደለው» ይባላል። ቱቲ ታናሽ ስለ ሆነች የሚቈጥራት የለም። ነገር ግን ማንም ሊሄድበት የማይደፍረው የአንድ ሰው ቤት አለ። ብራውኮፍ የሚባለው ይህ ሰው ድመቶችን በመርዝ ይገድላል፥ ሚስቱንም ይደበድባል ተብሎ በልጆቹ ዘንድ ይወራበታል። ቱቲም «እኔ እሄዳለሁ» ትላለች።

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል በእውነት የታላቅ ባለሙያ ሥራ ነው። ሕፃኗ ከእሳቱ ብርሃን ተለይታ ብቻዋን ወደ ጨለማው ትሄዳለች። ካሜራው ፊት ለፊቷ እየሆነ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ነፋሱ ቅጠሉን ያንኳኳል፤ እርስዋም ደጋግማ ወደ ኋላ ትመለከታለች። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ፊልም አይቻለሁ፤ የሕፃን ፍርሃት እንዲህ ያለ ማጋነን ተገልጦ ያየሁበት ግን ጥቂት ነው። በመጨረሻ ደወሉን ትደውላለች። ሰውየው ከውሻው ጋር ወጥቶ በሩን ይከፍታል። ዱቄቱን ፊቱ ላይ በትና፥ እንደምትጠላው ነግራው፥ ሮጣ ታመልጣለች። ሰውየው አልጮኸም፥ አላሳደዳትምም፤ ዱቄቱን ከፊቱ ይጠርጋል። ያ የተፈራው ውሻም ጐንበስ ብሎ ከወለሉ ላይ ዱቄቱን ይልሳል። ቱቲ ግን ወደ እሳቱ ስትመለስ ከሁሉ የከፋች አስፈሪ ተብላ በታላቅ ክብር ትወደሳለች።

ቱቲ ስትሮጥ ከልጅ ልጆቼ ጋር ሳቅሁ። ውሻው ዱቄቱን ሲልስ ግን ሳቄ ቆመ። ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግርሃለሁ፤ አስቀድሜ የፊልሙን ነገር ልፈጽም።

በዚያችው ሌሊት ቱቲ ከንፈሯ ተሰንጥቆ እያለቀሰች ወደ ቤት ትገባለች። የጎዳት ጆን ትሩዌት የተባለው የጎረቤት ወጣት መሆኑን ትናገራለች። ኤስተር ይህን ወጣት የምትወደው ሆና ሳለ በቍጣ ነድዳ ሄዳ ትደበድበዋለች። ቈይቶ እውነቱ ሲወጣ ግን እንዲህ ነበር፦ ቱቲና አግነስ አሮጌ ቀሚስ በጨርቅ ሞልተው ሬሳ አስመስለው በከተማው ባቡር ሐዲድ ላይ አጋድመዋል፤ ጆንም ከፖሊስ ሊያድናቸው ይዞ ደበቃቸው እንጂ አልጎዳቸውም። ኤስተርም አፍራ ይቅርታ ልትጠይቀው ትሄዳለች፤ ፍቅራቸውም ከዚያ ወዲህ ይጸናል።

እንግዲህ አንባቢዬ፥ የእኔ ነቀፋ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአንዲት ሌሊት በሁለት ሰዎች ላይ ሐሰት ተነገረ። በጆን ላይ የተነገረው ሐሰት ሌሊቱ ሳያልፍ ተገለጠ፥ ይቅርታም ተጠየቀበት። በብራውኮፍ ላይ የተነገረው ግን እንደ ተነገረ ቀረ። ፊልሙ ወደዚያ በር አይመልሰንም፤ ዱቄቱን ለመጥረግ ማንም አይላክም። ይህ ልዩነት ከምን መጣ? ጆን መልከ መልካም ነው፥ በዚያ ቤት የምትወደው ልጅ አለችው፤ ስለዚህ ስሙ ጠበቃ አገኘ። ብራውኮፍ ግን የሚቆምለት የለውም፤ ስሙም የመጤ ሰው ስም ይመስላል። ፊልሙ በብዙ ነገር የተዋበ ሆኖ ሳለ በዚህ ነገር ከልጆቹ የበለጠ ብስለት አላሳየም።

«ይህ የሳቅና የዘፈን ፊልም ነው፤ እንደ ስብከት ልትመዝነው አይገባም» የሚለኝ ሰው ይኖር ይሆናል። እኔም ስብከት እንዲሆን አልጠየቅሁም። ነገር ግን አዘጋጁ ራሱ ሰውየው በዝግታ ፊቱን ሲጠርግ፥ ውሻውም እንደ ማንኛውም ውሻ ሲልስ አሳይቶናል። ይህ ማለት ወሬው ሐሰት መሆኑን ያውቃል ማለት ነው። ዐውቆ ሳለ ጕዳዩን በዚያው መተዉ እንደ ጉድለት የሚቈጠር ይመስለኛል።

አሁን ሳቄ ስለ ቆመበት ምክንያት ልናገር። በእኛ አገር በቡሄ ዋዜማ፥ ነሐሴ 12 ቀን ማታ፥ ወንዶች ልጆች መሬቱን በዱላ እየደሰቁ በየደጁ ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ፤ ባለቤቶቹም ሙልሙል ይሰጧቸዋል። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ዳር አንዲት ሸክላ ሠሪ ሴት ብቻዋን ትኖር ነበር። እናቶቻችን በጀበናዋ ቡና ያፈሉ፥ በምጣዷ እንጀራ ይጋግሩ ነበር፤ ሆኖም ቡዳ ናት እየተባለ በፊቷ እንዳንበላ እንከለከል ነበር። አንድ ክፉ ነገር ስታደርግ ያያት ሰው ግን አልነበረም።

የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ በቡሄ ማታ ጓደኞቼ «እዚያ ቤት የሚደፍር ማን ነው?» ተባባሉ። እኔም ጎበዝ ለመባል ፊት ሆኜ መራኋቸው። ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ለያንዳንዳችን ትኩስ ሙልሙል ሰጠችን፤ መረቀችንም። መታጠፊያውን እንዳለፍን ሙልሙሉን ሁሉ ቦይ ውስጥ ጣልነው። ጓደኞቼም እንደ ጀግና ተሸከሙኝ። በማግሥቱ ጧት ሴትዮዋ እንስራዋን አዝላ ወደ ውሃ ስትወርድ፥ ከቦዩ ዳር ቆማ ዳቦዋን ስትመለከት አየኋት። አንድ ቃል አልተናገረችም። አንዱን ሙልሙል አንሥታ ጭቃውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና በጉያዋ ይዛው ሄደች። እኔ በዚያው ዓመት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ዐሥሩን ትእዛዛት ሳልሳሳት በቃሌ ስለ ተወጣሁ ተሸልሜ ነበር። በሐሰት ስለ መመስከር የተነገረው ትእዛዝ ስለዚያች ሴት መሆኑን ግን ያስረዳኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ይቅርታ ሳልጠይቃት ሞተች።

በእኔ ሌሊት ጭምብል ያጠለቀ ልጅ አልነበረም፤ ዱባም አልተፈለፈለም። ኀጢአቱ ግን ቱቲ ከሠራችው የባሰ ነበር። ይህን ባሰብሁ ጊዜ፥ ለልጄ የተናገርሁት ነቀፋ ከቦታው የራቀ መሆኑን ዐወቅሁ። እኔ የፈራሁት ልጆቹ በራሳቸው ፊት ላይ ያደረጉትን ጭምብል ነበር። እርሱ ግን በመኝታ ሰዓት ይወልቃል። የሚያስፈራው በጎረቤታችን ፊት ላይ እኛ ያደረግንበት ጭምብል ነው፤ ባለቤቱ ሊያወልቀው አይችልምና።

በቤት ውስጥ በእጅ የተሠራ ነገር ያለው ጥቅም ደግሞ በዚህ ላይ ታየኝ። የልጅ ልጄ የጉጉቱን ጭምብል አትፈራውም፤ ከምን ካርቶን እንደ ተቈረጠ፥ ሙጫው የት ላይ እንዳልያዘ ታውቃለችና። ወንድምዋም በመስኮቱ ላይ ያለው የሚነድ ፊት ዱባ መሆኑን ያውቃል፤ ፍሬውን በልቶታልና። ከሱቅ የተገዛው ልብስ ይህን ትምህርት አይሰጥም፤ ያላቀና ተሠርቶ ይመጣል፥ ልጁም ከመልበስ በቀር ድርሻ የለውም። ሐሜትም እንደዚሁ ነው። ተሠርቶ ይደርሰናል፤ ማን እንደ ቈረጠው፥ በምን ሙጫ እንደ ተጣበቀ ሳንጠይቅ እንለብሰዋለን፥ ለሌላውም እናለብሰዋለን።

በበዓሉ ማታ ከልጆቹ ጋር እኔም ወጣሁ። በዚያ አገር የደጁ መብራት ያልበራበትን ቤት ማንኳኳት ነውር ነው። ከመንገዱ መጨረሻ አንድ ጨለማ ቤት ነበረ። የልጅ ልጄ እጄን ያዝ አድርጋ፥ «አባባ፥ እዚያ ያለው ሰውዬ ልጆች ይጠላል፤ የተበላሸ ከረሜላ ነው የሚሰጠው» አለችኝ።

«ማን ቀመሰው?» አልኋት።

«ሁሉም እንዲያ ይላሉ።»

«የቀመሰውን አንድ ልጅ ንገሪኝ፥ የኔ ልጅ።»

ጉጉቷ ዝም አለች፤ ጥቂት እንደ ሄድን፥ «አላውቅም» አለች። እኔም ተጨማሪ ነገር አልተናገርሁም። ከጥቂት ቀን በኋላ ያ ሰው ከደጁ ቅጠል ሲጠርግ አገኘነውና እጅ ነሣነው። ሥራው የሌሊት ፈረቃ ስለ ሆነ ከማታ በፊት ከቤቱ እንደሚወጣ አጫወተን። በዚያች ሌሊት ልጆች ሁሉ የፈሩት ቤት ባዶ ነበረ። ልጅቷ ይህን ስትሰማ በጣም አፈረች፤ እኔም ማፈሯን ወደድሁላት።

ወጣት አንባቢዬ፥ ሃሎዊን መልካም ነው ብለህ እንድታከብር አልመክርህም፤ በዓሉ የእኛ አይደለም። በዚያ አገር የምትኖር ሆነህ ሕሊናህ ካልፈቀደልህም ተው፤ ነገር ግን የሚያከብረውን ሳትንቅ ተው። ዱባ ባለመፈልፈልህ ብቻ ንጹሕ የሆንህ አይምሰልህ። በሰፈርህ፥ በትምህርት ቤትህ፥ በሥራ ቦታህ ብራውኮፍ የተባለ ሰው አይጠፋም፤ ስለ እርሱ ሲነገርህ፥ «ማን አየ? ማን ቀመሰ?» ብለህ ጠይቅ። ይህን ለመጠየቅ በእሳቱ ዙሪያ በሚሰበሰቡት ፊት መድፈር ያስፈልጋል፤ ቱቲ ዱቄቱን ይዛ ከሄደችበት ድፍረትም የበለጠ ነው፤ ለዚህኛው የሚያጨበጭብልህ አይኖርምና። ምናልባት ዱቄቱን የበተንኸው አንተ ከሆንህ ደግሞ፥ በሩ የሚከፈትልህ ሰው በሕይወት ሳለ ተመለስና አንኳኳ።

እኔ ወደ አገሬ ስመለስ በደጁ የነበረው ዱባ ሻግቶ፥ አፉ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አማቼ አንሥቶ ጣለው። የጉጉቱ ጭምብል በልጅቷ አልጋ ራስጌ ተሰቅሎ ቀርቷል። ለሰው ያወጣንለት ክፉ ስም ግን እንደ ዱባ አይሻግትም። አባቶቻችን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉ መልካሙን ስም አስበው ነበር፤ ክፉውም እንደዚያው ይውላል። ያች ሸክላ ሠሪ ከሞተች አርባ ዓመት አልፏታል። በሰፈራችን ግን የእርስዋን ነገር የሚያነሣ ሰው ቢገኝ፥ እስከ ዛሬ የሚጠራት ቡዳዋ ብሎ ነው። እውነተኛ ስሟን እኔም አላውቀውም።